የተሰነጠቀ የፊት መስታወትና የመድን ውል

ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ የሚመለስ አንድ ባለመኪና በሐሳባችን እንውሰድ። መኪናው ቪትዝ ናት። ጥቁር ውሃ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከፊቱ ጠጠር የጫነ ገልባጭ መኪና ይገጥመዋል፤ ጭነቱ በሸራ አልተሸፈነም። አንዲት ጠጠር ተፈናጥራ የፊት መስታወቱን ትመታለች። ምልክቷ መጀመሪያ ከሽምብራ አትበልጥም ነበር፤ ፒያሳ ሲደርስ ግን ስንጥቁ እስከ መስታወቱ ጫፍ ሄዷል።

ባለመኪናው «ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ፤ እነሱ ይቀይሩልኛል» ብሎ ይጽናናል። ጎረቤቱ «ኢንሹራንስ ለመስታወት አይከፍልም፤ እኔን ከልክለውኛል» ይለዋል። የጋራዡ መካኒክ ደግሞ «ዛሬውኑ ልግጠምልህ፤ አንተ ደረሰኙን ይዘህ ትሄዳለህ» ይላል። ሦስቱም ከሚያውቁት ተነሥተው ነው የተናገሩት። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በፊት መመለስ የነበረበት አንድ ጥያቄ ተዘልሏል፤ መድን ምን ለማድረግ የተገባ ውል ነው? ይህ ከተመለሰ ሦስቱ አስተያየቶች እያንዳንዳቸው ምን ያህል ትክክል እንደሆኑ መመዘን እንችላለን።

ከትርጉም እንጀምር። መድን፣ በተለምዶ ኢንሹራንስ የምንለው፣ በሁለት ወገኖች መካከል የሚደረግ ውል ነው። ኩባንያው መድን ሰጪ ይባላል፤ ባለመኪናው መድን ገቢ ይባላል። መድን ገቢው የሚከፍለው ገንዘብ አረቦን ነው። በውሉ የተጠቀሰው አደጋ ሲደርስ መድን ሰጪው የሚከፍለው ደግሞ ካሳ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአንቀጽ 654 የመድንን ውል የሚተረጉመው በዚሁ መንገድ ነው። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም ስለ መድን የሚናገረው የ1952ቱ ክፍል አልተሻረም፤ ዛሬም የሚሠራበት እሱ ነው።

ይህን ትርጉም ብዙ ሰው ያነበዋል እንጂ አያምነውም። ብዙዎቻችን አረቦንን እንደ እቁብ እናስባለን። በእቁብ የጣልነውን ገንዘብ ዕጣችን ሲወጣ እናነሣዋለን፤ ስለዚህ «አራት ዓመት ከፍዬ አንድም ቀን አልወሰድኩም» የሚል ሰው ገንዘቡ የተበላበት ይመስለዋል። መድን ግን ከእቁብ ይልቅ ወደ እድር ይቀርባል። የእድር ወርኃዊ መዋጮ ለተቸገረው ሁሉ የሚወጣ ነው፤ ዓመቱን ሐዘን ሳያየው የከረመ እድርተኛ «መዋጮዬ ይመለስልኝ» አይልም። እድርና መድን የሚለያዩበት አንድ ነጥብም አለ። እድር ብዙውን ጊዜ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ይሰጣል፤ ለሐዘኑ የወጣው ብዙም ይሁን ጥቂት አይቆጥርም። መድን ግን ይቆጥራል፤ የጠፋውን ይለካል፣ የለካውን ያህል ይተካል። በኋላ ባለመኪናውን የሚያስገርመው፣ አንዳንዴም የሚያስቆጣው፣ ይህ ልኬት ነው።

እስካሁን ያልነውን ሰብሰብ እናድርገው። መድን ውል ነው፤ አረቦን የአብሮነት መዋጮ እንጂ ቁጠባ አይደለም፤ ካሳም ልክ አለው። አሁን ወደ ውሉ ዓይነቶች እንሂድ።

ለመኪና የሚገቡ መድኖች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ሦስተኛ ወገን ማለት ከመድን ሰጪውና ከመድን ገቢው ውጭ ያለ፣ በመኪናው ምክንያት አካሉ ወይም ንብረቱ የተጎዳበት ሰው ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ይህ መድን ግዴታ ነው፤ ያለ እሱ መኪና መንገድ ላይ አይወጣም። ሁለተኛው በተለምዶ «ሙሉ ኢንሹራንስ» የሚባለው ነው፤ ይህም በራስ መኪና ላይ የሚደርስን ጉዳት የሚጨምር፣ በፈቃደኝነት የሚገባ ውል ነው። ልዩነቱ በመስታወታችን ላይ ወዲያውኑ ይታያል። ባለመኪናው ያለው የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ከሆነ የራሱ መድን ሰጪ ለራሱ መስታወት ምንም አይከፍለውም፤ ያ ውል የተገባው ለሌሎች ነውና። ገልባጩ መኪና ከታወቀ ግን ባለመኪናችን ለገልባጩ መድን ሰጪ ሦስተኛ ወገን ይሆናል፤ የሚጠይቀውም እዚያ፣ ሕጉ ለንብረት ጉዳት በወሰነው ጣሪያ ውስጥ ይሆናል።

«ሙሉ» የሚለው ስምም በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ሙሉ የተባለው ከሦስተኛ ወገኑ ሲነጻጸር ነው እንጂ የማይሸፍነው የለም ለማለት አይደለም። በተለይ መስታወት በውሎች ውስጥ የተለያየ ቦታ ይሰጠዋል። አንዳንዱ ውል መስታወትን እንደማንኛውም የመኪናው ክፍል ይሸፍናል። ሌላው በተጨማሪ አንቀጽ፣ በተወሰነ የገንዘብ ጣሪያ ብቻ ይሸፍነዋል፤ አንቀጹ እንዲጨመር ያልጠየቀና ተጨማሪውን አረቦን ያልከፈለ ሰው ሽፋኑ የለውም። የጎረቤትየው «አይከፍልም» ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ራሱ ውል እውነት ነው፣ ስለ ሌላው ሰው ውል ግን ማስረጃ አይሆንም።

እንዲህ ያለው መደናገር ታሪካዊ ምክንያትም ያለው ይመስለኛል። በ1967 ዓ.ም. 13 የመድን ኩባንያዎች ተወርሰው በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ከተቋቋመ በኋላ፣ የግል ኩባንያዎች እንዲሠሩ በአዋጅ ቁጥር 86/1986 እስኪፈቀድ ድረስ አገሩ ሁሉ የሚዋዋለው ከአንድ ድርጅት ጋር ነበር። በዚያ ዘመን «ኢንሹራንስ እንዲህ ነው» ብሎ በጅምላ መናገር ይቻል ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ብዙ መድን ሰጪዎች አሉ፤ ውላቸው በአብዛኛው ቢመሳሰልም በዝርዝሩ ይለያያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሰው መጠየቅ ሳይሆን የውሉን ሰነድ ከመሳቢያ አውጥቶ ስለ መስታወት የሚለውን መፈለግ ነው። ሰነዱ ከሌላችሁ ቅርንጫፉ ቅጂ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ «አደጋ» የሚለውን እንተርጉም። በመድን ቋንቋ አደጋ ማለት ያልታሰበ፣ ድንገተኛ፣ ከውጭ የመጣ ክስተት ነው። የጠጠሯ ምት ይህን ሁሉ ያሟላል። በአንጻሩ ዓመታት የቆየ መስታወት በአቧራና በመጥረጊያ ተቦጫጭሮ ቢደበዝዝ ያ እርጅና ነው። የመስታወቱ ጎማ ደርቆ ዝናብ ቢያስገባም እንዲሁ እርጅና ነው። መድን እርጅናን አይሸፍንም፤ እርጅና እንደሚመጣ አስቀድሞ የታወቀ ነውና። ሕጉም መድን ሰጪው ለድንገተኛ ነገርና ለመድን ገቢው ቸልተኝነት ጭምር እንዲጠየቅ ሲፈቅድ፣ ሆነ ተብሎ ለተፈጸመ ጥፋት ግን ካሳ ከልክሏል። ልብ በሉ፤ ሾፌሩ ለገልባጩ ተጠግቶ መንዳቱ ቸልተኝነት ሊባል ይችላል፣ ካሳውን ግን ብቻውን አያስቀርበትም።

በአደጋና በእርጅና መካከል ያለው ድንበር የሚደበዝዝበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም የመስታወቱ አሠራር ነው። የመኪና የጎን መስታወት በሙቀት የተጠናከረ አንድ ንብርብር ነው፤ ሲመታ ሙሉ በሙሉ ይፈረፈራል። የፊት መስታወት ግን ሁለት ስስ መስታወቶች በመካከላቸው ባለ ግልጽ ፕላስቲክ ተጣብቀው የተሠራ ነው። ስለዚህ ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም፤ ባለመኪናውም ስንጥቁን ይዞ ወራት መንዳት ይችላል። ጉዳቱ የሚያድገውም በዚህ ጊዜ ነው። ቀኑን ፀሐይ ላይ ቆሞ የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋበት፣ ወይም መኪናው በየኮረኮንቹና በየፍጥነት መቀነሻው ሲናጥ፣ ትንሿ ነጥብ ትሮጣለች። መድን ገቢ ደግሞ ጉዳት እንዳይሰፋ የሚችለውን የማድረግ ግዴታ አለበት። ስለዚህ በመስከረም ተመትቶ በጥር የሚያመለክት ሰው «የትኛው ስንጥቅ የጠጠሩ ነው፣ የትኛው የእናንተ ነው?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብለት መደነቅ የለበትም። ነጥቧ ከሳንቲም ያነሰችና ከሾፌሩ እይታ ፊት ለፊት ያልሆነች ከሆነ በሬዚን የመሙላት ሥራም አለ፤ ባለሙያ ከተገኘ ሙሉ መስታወት ከመቀየር ይረክሳል።

ስለ አደጋው መንስኤ አንድ ልዩነት ልጨምር፤ የሐዋሳ ሰው በቀላሉ የሚረዳው ነውና። ከጎማ ሥር የተፈናጠረ ድንጋይ፣ አንድ ልጅ የወረወረው ድንጋይ፣ በሁከት ጊዜ የተወረወረ ድንጋይ፤ ሦስቱም መስታወት ይሰብራሉ፣ በውሉ ፊት ግን አንድ አይደሉም። ብዙ የመኪና መድን ውሎች ከአመጽ፣ ከሕዝባዊ ሁከትና ከመሰል ክስተቶች የሚመጣን ጉዳት ከመደበኛው ሽፋን ያወጣሉ። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ከሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ጋር ተያይዞ በሐዋሳና በአካባቢዋ ሁከት ተነሥቶ እንደነበር እናስታውሳለን። በእንዲህ ያለ ቀን መኪናው የተሰበረበት ሰው ካሳ የሚያገኘው በውሉ ላይ ለፖለቲካዊ ሁከት የሚሆን ተጨማሪ ሽፋን ከነበረው ነው። በአገራችን የቆዩ ውሎች ውስጥ ስለ ሽፍታ፣ ስለ ወንበዴና ስለ ደፈጣ ተዋጊ የሚናገር ተጨማሪ አንቀጽም ታገኛላችሁ። ስያሜው የድሮ ቢመስልም ሽፋኑ ዛሬም ይሸጣል፤ ወደ ሩቅ ወረዳ የሚመላለስ ሰው ስለ እሱ ቢጠይቅ አይከፋም።

ወደ ዋናው መሠረተ ሐሳብ ደርሰናል። የንግድ ሕጉ በአንቀጽ 678 የንብረት መድን የካሳ ውል መሆኑን፣ ካሳውም አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ መብለጥ እንደሌለበት ይደነግጋል። መድን ገቢውን ከአደጋው በፊት ወደነበረበት ቦታ መመለስ የካሳ ዓላማ ነው፤ ከዚያ በታች ማስቀረትም ሆነ ከዚያ በላይ ማድረስ አይደለም። ይህን የያዘ ሰው ከመድን ቢሮ የሚሰማቸውን ብዙ ግራ የሚያጋቡ ነገሮች ይረዳቸዋል።

ከእነዚህ አንዱ «ኤክሰስ» የሚሉት ነው። ኤክሰስ ማለት ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ መድን ገቢው ራሱ የሚሸከመው፣ በውሉ አስቀድሞ የተወሰነ መጠን ነው። ሌላው የእርጅና ቅናሽ ነው፤ በአሮጌ ክፍል ምትክ አዲስ ሲገጠም መድን ገቢው ከነበረው የተሻለ ነገር ስላገኘ አንዳንድ ውሎች ልዩነቱን ከካሳው ይቀንሳሉ። እነዚህን ሁለቱን ሰው በቶሎ ይለምዳቸዋል።

ሦስተኛው ግን ብዙዎችን ሳያስቡት ይይዛቸዋል፤ ከዋጋ በታች ዋስትና መግባት ነው። ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ ምን ያህል እንደወጣ ሁላችንም አይተናል። ብዙ ባለመኪና ግን ውሉን ሲያድስ የድሮውን ዋጋ እንዳለ ትቶታል፤ አረቦኑ እንዳይጨምርበት። ውጤቱን በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው። መኪናው አደጋው በደረሰበት ቀን 1,500,000 ብር ያወጣል፣ በውሉ ላይ የተጻፈው ግን 900,000 ብር ነው እንበል። ይህ 60 በመቶ ነው። ባለመኪናው ለ60 በመቶው አረቦን ከፍሏል፤ ለቀሪው 40 በመቶ ግን ራሱ የራሱ መድን ሰጪ ሆኗል ማለት ነው። የመስታወቱ ዋጋ ከነመግጠሚያው 30,000 ብር ቢሆን፣ የተመጣጣኝነት ደንብ ያለበት ውል 60 በመቶውን፣ ማለትም 18,000 ብር ይቀበላል። ኤክሰሱ 3,000 ብር ከሆነ የሚቀረው 15,000 ነው። ባለመኪናው «ግማሹን በሉብኝ» ብሎ ይወጣል። ማንም አልበላበትም፤ ውሉ ሲታደስ የተጻፈችው ቁጥር ናት አሁን ሥራዋን የሠራችው። ስለዚህ በእድሳት ጊዜ «የመኪናዬ የዛሬ ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ስለ መስታወት ከሚደረግ ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስሌት አለ። ዓመቱን ካሳ ሳይጠይቅ ለጨረሰ መድን ገቢ ብዙ ኩባንያዎች በሚቀጥለው ዓመት አረቦን ላይ ቅናሽ ያደርጋሉ። አሁን ሌላ ባለመኪና እንውሰድ፤ ዋስትናው ሙሉ ዋጋውን የያዘ ነው። ጉዳቱ 7,000 ብር፣ ኤክሰሱ 3,000 ብር ከሆነ የሚያገኘው 4,000 ብር ነው። አረቦኑ 24,000 ብር ሆኖ 20 በመቶ ቅናሽ የሚያጣ ከሆነ ግን 4,800 ብር ይከስራል። መብት መኖሩና መብቱን መጠቀም ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አንዳንድ ውሎች ደግሞ የመስታወት ካሳ ቅናሹን አይነካም ይላሉ፤ ይህንንም ከውሉ ላይ መፈለግ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንይ። አደጋው ምን እንደሆነ፣ ካሳው እንዴት እንደሚለካ አውቀናል። የቀሩን ሁለት መሠረተ ሐሳቦች ናቸው፤ ቅንነትና መተካት።

ቅንነት ስንል መድን ገቢው የሚያውቀውንና ለመድን ሰጪው ውሳኔ የሚጠቅመውን ነገር ሁሉ ሳይደብቅ መናገሩ ነው። ኩባንያው መኪናውን ከባለቤቱ በላይ ሊያውቀው አይችልም፤ ስለዚህ ሕጉ በመድን ውል ከሌሎች ውሎች የጠበቀ እውነተኝነት ይጠይቃል፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም የተዋሸ ነገር ውሉን ዋጋ ሊያሳጣው ይችላል። ውሉ ሲገባ የነበረ ስንጥቅ ካለ መናገር፣ ፎቶም ከተነሣ ስንጥቁን ማስነሣት ይገባል። ኮድ 2 መኪና በቤት መኪናነት ተመዝግቦ ሳለ በክፍያ ሰው የሚያመላልስ ከሆነ ጠጠሩ እውነተኛ ቢሆንም ካሳው አደጋ ላይ ነው። መንጃ ፈቃዱ ያልታደሰ ወይም ደረጃው ለዚያ መኪና የማይበቃ ሾፌርም እንዲሁ። «ለመስታወት ምን አገናኘው?» ይባል ይሆናል፤ ኩባንያው አረቦኑን ያሰላው ግን በነዚህ ነገሮች ላይ ነበር።

መተካት ደግሞ ይህ ነው፤ መድን ሰጪው ካሳውን ከከፈለ በኋላ፣ በከፈለው ልክ፣ ጉዳቱን ያደረሰውን ሰው ለመጠየቅ በመድን ገቢው እግር ይተካል። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 683 የሚናገረው ስለዚህ ነው። በእኛ ምሳሌ ገልባጩ መኪና አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ስለሚል፣ የገልባጩ ሰሌዳ ከተያዘ የሚጠየቅ ሰው አለ ማለት ነው።

በዚህ ቦታ የባህላችን ደግነትና የመድን ሕግ ይጋጫሉ፤ ረጋ ብለን ልናየው ይገባል። የገልባጩ ሾፌር ወርዶ «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ፤ የሰው ተቀጣሪ ነኝ» ይላል። መንገደኞች ይሰበሰባሉ፣ አንድ ሽማግሌ መሐል ይገባሉ፣ ባለመኪናችንም ይራራል፤ ጥቂት ብር ተቀብሎ ወይም ምንም ሳይቀበል ወረቀት ላይ «ተስማምተናል፣ ከእንግዲህ አንጠያየቅም» ብለው ይፈርማሉ። እርቅ መልካም ነገር ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን በዚያች ፊርማ የተሰጠው የባለመኪናው መብት ብቻ አይደለም፤ መድን ሰጪው ሊተካበት የነበረው መብትም አብሮ ሄዷል። ስለዚህ ኩባንያው «መብቴን አሳጥታችሁኛል» ብሎ ካሳውን ሊቀንስ ወይም ሊከለክል ይችላል። ገንዘብ ተቀብሎ ከኩባንያውም ሙሉውን መጠየቅ ደግሞ ለአንድ ጉዳት ሁለት ካሳ መውሰድ ነው፤ ከአንቀጽ 678 ጋር ይጣላል። ታዲያ ለሰውየው ልንራራ አንችልም? እንችላለን፤ ከራሳችን ኪስ ከሆነ። መስታወቱን በራሱ ገንዘብ ሊያስቀይር የወሰነ ሰው የፈለገውን ይቅር ይበል። ኩባንያውን ካሳ ሊጠይቅ ያሰበ ግን ሰሌዳውን፣ ስሙን፣ ስልኩን፣ የመድን ሰጪውን ስም ይመዝግብ፤ ሾፌሩን በመልካም ቃል ያሰናብተው፤ የስምምነት ወረቀት ላይ ግን አይፈርም።

አሁን የመካኒኩን ምክር እንመርምር፤ «ቀይርና ደረሰኝ ውሰድ»። ስህተቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ኩባንያው የሚክሰው ያየውንና የለካውን ጉዳት ነው፤ ከመመርመሩ በፊት የተቀየረ መስታወት ማስረጃውን ይዞት ይሄዳል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል በማሳወቅ ይጀምራል። የማሳወቂያው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው፤ ስለዚህ በዚያው ቀን መደወል፣ ቢቻል ሐዋሳ ካለው ቅርንጫፍ በአካል መቅረብ ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን መኪናው በቆመበት ቦታ፣ ከውጭም ከውስጥም፣ ሰሌዳው እየታየ ፎቶ ይነሣ። ብዙ ጊዜ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል፤ አደጋው ከከተማ ውጭ ከደረሰ ማስረጃው የሚወጣው ቦታው ካለበት ወረዳ ፖሊስ ስለሆነ ሐዋሳ ከገቡ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ያደክማል። በቢሮው የካሳ መጠየቂያ ቅጽ ይሞላል፤ የሊብሬና የመንጃ ፈቃድ ቅጂ ይያያዛል። በቅጹ ላይ የሆነውን ብቻ ጻፉ፤ ያላያችሁትን «ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ አትሙሉ።

ከዚያ የኩባንያው ኢንጂነር መኪናውን ያያል፤ ከጋራዦች ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ፕሮፎርማ ማለት ሥራውና ዕቃው ስንት እንደሚያወጣ ከመሠራቱ በፊት የሚሰጥ የዋጋ ማቅረቢያ ነው። የመስታወቱ ዓይነት በግልጽ ይጻፍበት፤ ኦሪጅናል ይሁን፣ ሌላ ሥሪት ይሁን፣ ያገለገለ ይሁን። ሁሉም በገበያ አሉ፤ ዋጋቸውም ይራራቃል። ለቪትዝ የሚሆነው ሐዋሳ ውስጥ ካልተገኘ ዕቃው ከአዲስ አበባ፣ ብዙውን ጊዜ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ፣ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ ይመጣል። ስለዚህ የማጓጓዣው ወጪ በማን ላይ እንደሆነ፣ መስታወቱ በመንገድ ቢሰበር ማን እንደሚተካ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዋጋው ከጸደቀ በኋላ ኩባንያው ለጋራዡ የሥራ ትእዛዝ ይሰጣል። ሥራው የሚጀመረው ያኔ ነው። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ባንኩም በውሉ ላይ ጥቅም አለውና ስምምነቱ ሊጠየቅ ይችላል።

የተነሣው መስታወትስ? ካሳ የተከፈለበት ዕቃ ቅሪት ይባላል፤ የኩባንያው ነው። ፍርስራሽ ነው ብላችሁ አትጣሉት፤ ጋራዡ እንዲያስረክብ ወይም ኩባንያው እንዲተወው በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይታወቅ። ጥያቄያችሁ ውድቅ ከተደረገም ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ከመድን ውል የሚመነጭ ክስ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ «ነገ እንነጋገራለን» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ከዚያ ላይ የሚቆጠር ነው።

የመግጠሙን ሥራ በተመለከተ አጭር ቃል ይበቃል። የፊት መስታወት ከነፋስ መከላከያነት አልፎ የጣሪያውን ጥንካሬ ይደግፋል፤ የተሳፋሪው ኤርባግ ሲነፋም የሚደገፈው በእሱ ነው። በአሮጌ መኪኖች በጎማ ተይዞ ይቀመጣል፤ በአብዛኞቹ አዳዲሶች ግን በማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው ለመስታወት የተሠራው መሆን አለበት፤ ተራ ሲልከን ውሃ ይከለክል ይሆናል እንጂ በግጭት ጊዜ መስታወቱን አይይዝም። ሳይደርቅም መኪናው አይነዳ፤ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በማጣበቂያው ላይ ተጽፏል። «ሥራው ተጠናቅቆ ተረክቤያለሁ» በሚለው ወረቀት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት በመስታወቱ ዙሪያ ውሃ አስፈስሱበትና ከውስጥ ሆናችሁ ተመልከቱ። ከፈረሙ በኋላ የሚገኝ ፍሳሽ የእናንተና የጋራዡ ጉዳይ ይሆናል።

በመጨረሻ፣ ከአሮጌው መስታወት ጋር አብረው የሚሄዱ ሁለት ወረቀቶች አሉ፤ የዓመታዊ ምርመራው ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ተለጣፊ። ሁለቱም የተለጠፉት በሚነሣው መስታወት ላይ ነው፤ ሲላጡም ብዙ ጊዜ ይቀደዳሉ። መስታወቱ ከመነሣቱ በፊት ቁጥራቸው እንዲነበብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሷቸው፤ የተቀደደውንም ቁራጭ አትጣሉት። ለተለጣፊው ወደ መድን ሰጪው፣ ለቦሎው ወደ መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የጋራዡን ደረሰኝና ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱና ምትክ ጠይቁ። ምትኩ እስኪመጣ የመድን የምስክር ወረቀቱና የምርመራው ሰነድ ከመኪናው ሳይጠፉ ይቆዩ፤ ትራፊክ ፖሊስ ባዶውን አዲስ መስታወት አይቶ ማስቆሙ አይቀርም።